ዕጩው በግሉ የሚያምነው ነገር የመራጩን ድምፅ ያስቀይራል ወይ?

የተከበሩ ጠያቂ፣

ምላሼን የሚያነብ ሌላ ሰው ከምን እንደተነሣሁ እንዲያውቅ ጥያቄዎን በአጭሩ ልድገመው። ካዛንቺስ ተወልደው እንዳደጉና አሁን አራት ኪሎ አካባቢ እንደሚሠሩ ጽፈዋል። በአካባቢያችሁ ለመወዳደር የሚያስቡ አንድ ሰው በአንድ የግል ጨዋታ ላይ ስለ ፅንስ ማቋረጥና ስለ ሴቶች ከቤት ውጭ መሥራት ሲናገሩ የተቀዳ ድምፅ በቴሌግራም እየተዘዋወረ በመሆኑ፣ በምሳ ሰዓት ከባልደረቦችዎ ጋር ተከራክራችኋል። አንደኛው «ከእንግዲህ ይህ ሰው አበቃለት» ብሏል፤ ሌላዋ ደግሞ «ሰው የሚመርጠው ጤፍ ስንት እንደገባ አይቶ ነው እንጂ የዕጩን ልብ መርምሮ አይደለም» ብላለች። እርስዎ የጠየቁኝ ከሁለቱ የማን አባባል ወደ እውነቱ እንደሚቀርብ፣ እንዲሁም ሰውየው ስብሰባ ቢጠሩ ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ነው።

ለብዙ ዓመታት የሕዝብ አስተያየት በማጥናት ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል ብዬ ማለፍ ይቀለኝ ነበር፤ እንዲያ ብል ግን ጥያቄዎን አልመለስሁትም። እኔ የደረስሁበት ይህ ነው፦ የአንድ ፖለቲከኛ የግል አመለካከት ብቻውን የሚያንቀሳቅሰው ድምፅ ጥቂት ነው። መራጩ አመለካከቱን የሚሰማው እንደ ምስክርነት ነው፤ ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ፣ ከእኛ ወገን መሆን አለመሆኑን፣ ሥልጣን ቢይዝ ወደ ቤቴ ምን ይዞብኝ ሊመጣ እንደሚችል የሚናገር ምስክር አድርጎ ይወስደዋል። ምስክርነቱ ሲታመንና መራጩን የሚነካ ሆኖ ሲገኝ ድምፅ ይቀየራል፤ ሁለቱ ካልተገናኙ ወሬው ሰሞነኛ ሆኖ ያልፋል።

ይህን ነገር አጥርቼ ያየሁት ከዓመታት በፊት፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም በማይርቅ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ነው። ዕድሩ እንደ ብዙዎቹ የመሀል አዲስ አበባ ዕድሮች የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሲሆን፣ በዚያ እሑድ አዲስ ዳኛና አዲስ ገንዘብ ያዥ ይመረጥ ነበር። ለገንዘብ ያዥነት ከተጠቆሙት አንዱ በሃይማኖታቸው ጠበቅ ያሉ፣ በለቅሶ ቤት ካርታ መጫወትና መጠጥ መቅመስ ነውር ነው እያሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጡት ወንዶች አብዛኞቹ ደግሞ ለቅሶ ቤት ሲያመሹ ካርታ ከእጃቸው የማይለይ ነበሩ። ሆኖም እጅ አውጡ ሲባል ለእኒህ ሰው የወጣው እጅ ለተፎካካሪያቸው ከወጣው በእጥፍ ይበልጥ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡትን አንድ ጡረተኛ ምክንያታቸውን ስጠይቃቸው «ካርታውን እኛ እንጫወታለን፤ እሳቸው ብራችንን ይጠብቁልን» አሉኝ። የሰውየው ጥብቅነት ለጡረተኛው የታማኝነት ምስክር ነበር። ስለ ካርታ የሚያምኑት ነገር ግን የገንዘብ ያዥ ሥልጣን የማይደርስበት ስለሆነ ምንም ዋጋ አላስከፈላቸውም።

ቀጥሎ የዳኝነቱ ተራ ደረሰ። ከተጠቆሙት አንደኛው ንግግር አዋቂ፣ የሠፈሩን አቤቱታ ወደ ወረዳ ይዘው በመመላለስ የሚታወቁ ሰው ነበሩ፤ በዚያ ቀን ስለ ትዳርም ሆነ ስለ ሴት ልጅ አንድ ቃል አልተናገሩም። ነገር ግን ሳታገባ ያረገዘች ልጃቸውን ከቤት ማስወጣታቸውን ግቢው ሁሉ ያውቃል። ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ለገዛ ልጁ ያልራራ ለእኛ ሬሳ ይራራል?» አሉ። ቃሉ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሲተላለፍ ይታየኝ ነበር፤ ሰውየውም ሳይመረጡ ቀሩ። እኒያ እናት ሳያገቡ ማርገዝን እንደ ነውር የሚቆጥሩ ናቸው፤ በዚህ ረገድ ከሰውየው ጋር አንድ ናቸው። ያስፈራቸው ያ አቋም በልጅቷ ላይ ሲውል ያሳየው የልብ ድንዳኔ ነው። አንድ ዓይነት አመለካከት ያላቸው ሁለት ሰዎች በዚሁ አመለካከት የተነሣ ሊለያዩ እንደሚችሉ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ወደ አገራዊ ምርጫ ስንሻገር ነገሩ ይለወጣል፤ መራጩ ዕጩውን በአካል አያውቀውምና። ከራሳችን ታሪክ እጅግ ጠንካራ ማስረጃ የምለው 1997 ዓ.ም. ነው። ፅንስ ማቋረጥ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ያሰፋው የወንጀል ሕግ በሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምርጫው የተካሄደው ግንቦት 7 ቀን ነው፤ በመካከላቸው አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላም። የሕጉ አንቀጽ 551 ፅንሱ የመጣው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት ከሆነ፣ የእናትየዋ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለው፣ እንዲሁም እናትየዋ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ዕድሜዋ ባለመድረሱ ልጅ ለማሳደግ ካልቻለች፣ ማቋረጡ እንደማያስቀጣ ይደነግጋል። ለዚህ ለውጥ ዋናው ገፊ ምክንያት በአገራችን እናቶች በድብቅና ንጽሕና በጎደለው መንገድ ፅንስ ሲያቋርጡ በብዛት ይሞቱ የነበረ መሆኑ ነው። ሕዝቡ እንዲህ ሃይማኖተኛ በሆነበት አገር ይህን የመሰለ ሕግ በምርጫ ዋዜማ ሲጸና ፖለቲካው ይናወጣል ብሎ የሚገምት ሰው አይፈረድበትም።

አልተናወጠም። በዚያ ሰሞን ሰው ሥራ ፈትቶ የተከታተላቸው የቴሌቪዥን ክርክሮች ያጠነጠኑት በመሬት ባለቤትነት፣ በፌዴራል ሥርዓቱ አወቃቀር፣ በወደብ፣ በድህነትና በሰብአዊ መብት ላይ ነበር፤ ሚያዝያ 30 ቀን መስቀል አደባባይን የሞላው ሕዝብም የወጣው ስለ አንቀጽ 551 ብሎ አልነበረም። አዲስ አበባ በተወካዮች ምክር ቤት ያሏትን 23 መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን ለተቃዋሚው ቅንጅት ስትሰጥ፣ መራጩ በሠፈሩ የቀረበው ዕጩ ስለ ፅንስ ማቋረጥ በልቡ ምን እንደሚል ጠይቆ አልነበረም። ብዙው ሰው የዕጩውን ሙሉ ስም እንኳ ሳይዝ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄዶ፣ የኢሕአዴግን ንብ ወይም የቅንጅትን ሁለት ጣት ፈልጎ ምልክት አድርጎ ተመልሷል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. እኔ ራሴ በቆምሁበት ረጅም ሰልፍ ላይም ከጠዋት ጀምሮ የሰማሁት ስለ ሰላም፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ቤት ነው፤ ስለ ዕጩዎቹ የግል እምነት የተነሣ ነገር ትዝ አይለኝም። እስከዚህ ድረስ ሚዛኑ ወደ ሁለተኛዋ ባልደረባዎ ያጋድላል።

ነገሩ እንዲህ የሆነው ሕዝባችን ስለ ማኅበራዊ ጉዳይ ግድ ስለሌለው አይደለም፤ እንዲያውም አጥብቆ ግድ ይለዋል። ነገር ግን አንድ ጉዳይ የቱንም ያህል ስሜት የሚቀሰቅስ ቢሆን፣ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር የሚናገሩበት ከሆነ ወይም ሁሉም ዝም ያሉበት ከሆነ፣ መራጩ አንዱን ከሌላው ሊለይበት አይችልም። የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ይውሰዱ፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ድርጊቱን ወንጀል ያደርገዋል፣ ይህ ይለወጥ ብሎ ለመራጭ የሚቀርብ ፓርቲም የለም። ስለዚህ አንድ ዕጩ በዚህ ጉዳይ ላይ ጮኾ ሲናገር የሚያገኘው ጭብጨባ ነው፤ ጎን ለጎን የቆመው ተፎካካሪውም ይህንኑ ስለሚል ጭብጨባው ወደ ድምፅ አይለወጥም። ሌላው ምክንያት ከምርጫ ሥርዓታችን ይመነጫል። በአንድ የምርጫ ክልል አብላጫ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ያሸንፋል፤ ሰውየው ግን ምክር ቤት ሲገባ እጁን የሚያወጣው በአብዛኛው ከፓርቲው ጋር እንደሆነ መራጩ ከልምድ ያውቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ሕሊና የሚለው ቃል እዚያ ቁጭ ብሎ ሳለ የተወካዩ ሕሊና ምን እንደሚመስል መጠየቅ የመራጩ ሙሉ መብት ነው፤ «የሰው የግል ነገር ምን አገባህ» የሚለውን ተግሣጽ የማልቀበለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሌሎች አገሮችን ተሞክሮ ብንመለከት፣ ጉዳዩ የጦፈ ክርክር በሚደረግበት ቦታም እንኳ መራጮች ሰውየውን ከጉዳዩ ነጥለው እንደሚያዩ ማስረጃው ብዙ ነው። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 መራጩ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ፣ ሁለት ነገር ተጠይቆ ነበር። ፅንስ የማቋረጥ መብት በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ይካተት ለሚለው ከመራጩ 51 ነጥብ 6 በመቶው አዎ አለ፤ በዚያው ወረቀት ግን 58 በመቶ ያህሉ የመረጠው፣ ቀድሞ አገር አቀፍ ዋስትና ይሰጥ የነበረውን ፍርድ የሻሩትን ዳኞች በመሾማቸው የሚኮሩትን ዶናልድ ትራምፕን ነው። በአሪዞናም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ይህን ያደረጉት መራጮች ግራ የተጋቡ አይመስለኝም፤ በአንደኛው ጥያቄ ስለ ሕጉ፣ በሁለተኛው ስለ መሪው መለሱ። ሕጉን ራሳቸው መወሰን ከቻሉ መሪው በልቡ ምን እንደሚያምን መጨነቅ የለባቸውም።

ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ስንመጣ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2010 በተካሄደው የሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ፣ ትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ፅንስ ማቋረጥ በገባው አንቀጽና በቃዲ ፍርድ ቤቶች ምክንያት ምእመኖቻቸው እምቢ እንዲሉ በየመድረኩ ሰብከው ነበር። ኬንያ ደግሞ ሰዎቿ በብዛት ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ አገር ናት። ውጤቱ 67 በመቶ ያህል ይሁን የሚል ሆነ። የተቃውሞውን ዘመቻ በግንባር ከመሩት ፖለቲከኞች አንዱ ዊልያም ሩቶ ነበሩ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። አንቀጹን የደገፈ ሕዝብ አንቀጹን የተቃወሙትን ሰው ከመምረጥ አልታቀበም ማለት ነው።

ከዚህም የሚጠልቅ ነገር አለ። አንድን ሰው በተለያየ ጊዜ ደጋግሞ በመጠየቅ የሚካሄዱ ጥናቶች፣ ብዙ መራጭ መጀመሪያ መሪውን እንደሚመርጥ፣ ከዚያ በኋላ በጉዳዮች ላይ ያለውን ሐሳብ ወደ መሪው ሐሳብ እንደሚያስጠጋ አሳይተዋል። ባራክ ኦባማ እ.ኤ.አ. በሜይ 2012 በተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ላይ የነበራቸውን አቋም በግልጽ ሲቀይሩ፣ ለዓመታት አጥብቀው ይቃወሙት በነበሩት ጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የድጋፉ ቁጥር በሳምንታት ውስጥ ከፍ ሲል ታይቷል፤ እርሳቸውም በዚያው ዓመት ኖቬምበር አሸንፈዋል። መሪውን የወደደ ሰው ስለ መሪው የማያውቀውን ደግሞ በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል። በእኛ ከተማም ቃለ መጠይቅ ሳደርግ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ አንድን ታዋቂ ፖለቲከኛ የሚወድ ጾመኛ ሰው «እሱኮ ጾመኛ ነው» ይለኛል፣ ያንኑ ሰው የሚወድ ዘመናዊ ነኝ ባይ ወጣት ደግሞ «እሱኮ አክራሪነት አይወድም» ይለኛል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ራሳቸው ነው። ስለዚህ «መራጩና ዕጩው በአመለካከት ተመሳስለዋል» የሚል ቁጥር ሲቀርብልዎ፣ መመሳሰሉ ድምፁን አመጣው ወይስ ድምፁ መመሳሰሉን አመጣው ብለው ይጠይቁ።

እስካሁን የጻፍሁት ሁሉ የመጀመሪያውን ባልደረባዎን ያሳፈረ ይመስላል፤ ግን እርሱም የያዘው ነገር አለ። የግል እምነት ድምፅ የሚያስቀይረው በዋናነት የወገንነት ምልክት ሆኖ ሲነበብ ነው። ጆን ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1960 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ካቶሊክ መሆናቸው የሕይወትና የሞት ጥያቄ ሆኖባቸው ነበር። ጋሉፕ የተባለው የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ድርጅት ባደረገው መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1937 ካቶሊክ ለፕሬዚዳንትነት እመርጣለሁ ያለው አሜሪካዊ 60 በመቶ ነበር። ኬኔዲ በሴፕቴምበር 1960 ሂውስተን ሄደው በፕሮቴስታንት ሰባኪዎች ፊት ቆመው፣ በሕዝብ ጉዳይ የቤተ ክርስቲያናቸው አፍ እንዳልሆኑ ተናገሩ። ከካቶሊኮች ድምፅ 78 በመቶ ያህሉን አገኙ፤ በሌላ በኩል ብዙ ፕሮቴስታንት ዴሞክራቶች ከዷቸው፤ በመላ አገሪቱ ያሸነፉት በ0 ነጥብ 2 በመቶ ገደማ ነው። እዚህ ላይ እምነት ድምፅ አላስቀየረም ማለት አይቻልም፤ በሁለቱም አቅጣጫ አስቀይሯል፤ ሁለቱ ሲቀናነሱ ግን ለውጡ ትንሽ መስሎ ታየ። የጠቅላላ ድምርን ብቻ የሚያይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ወደ ግራ የሄደው ሺህና ወደ ቀኝ የሄደው ሺህ ሲጣፋ ዜሮ ይሆናል፣ ሁለት ሺህ ሰው ግን ቦታ ቀይሯል።

ከቅርብ ጊዜው ደግሞ ሁለት ሰዎችን ላንሣ። በስኮትላንድ ኬት ፎርብስ እ.ኤ.አ. በ2023 የፓርቲያቸውን መሪነት ሲወዳደሩ፣ በእምነታቸው ምክንያት የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ሕግ ይቃወሙ እንደነበር፣ ነገር ግን የጸናውን ሕግ እንደሚያከብሩ ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። ይደግፏቸው የነበሩ የፓርላማ አባላት ወዲያው እየተዉአቸው ሄዱ፤ ተራው የፓርቲ አባል ግን እንደዚያ አልተወራጨም፤ ፎርብስ የተሸነፉት 48 ለ52 ነው። እኔ ከዚህ የማነበው የፖለቲካ ልሂቃኑ ከመራጩ ፈጥነው እንደሚደነግጡ ነው፤ የዕጩውን ዕድል የሚያበላሸውም ብዙ ጊዜ የመራጩ ቁጣ ሳይሆን ቁጣውን የፈሩ ደጋፊዎቹ ጥለውት መሸሻቸው ነው። በካናዳ የተቃዋሚው ፓርቲ መሪ አንድሩ ሺር እ.ኤ.አ. በ2019 ተቃራኒውን መንገድ ያዙ። ስለ ፅንስ ማቋረጥ በቴሌቪዥን ክርክር ሲጠየቁ አቋማቸውን ሳይናገሩ አለፉ፤ በማግስቱ ግን በግል እንደሚቃወሙ፣ ሕጉን ግን እንደማይነኩ አመኑ። ፓርቲያቸው በአገሪቱ ከገዢው ፓርቲ የበለጠ ድምፅ አግኝቶ በመቀመጫ 121 ለ157 ተሸነፈ፤ እርሳቸውም በዚያው ዓመት ከመሪነት እንደሚለቁ አስታወቁ። ሰዎቹ በሐሳብ ተመሳሳይ ናቸው ማለት ይቻላል። ሺርን ይበልጥ የጎዳቸው መልሱ እንደ ጥርስ ተነቅሎ መውጣቱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መራጩ «ይህን የደበቀ ሌላስ ምን ደብቋል?» ይላልና።

በእኛ ከተማ ነገሩ በጣም የሚከፋው ለሴት ዕጩዎች ነው፤ ይህን ሳነሣ ሁልጊዜ ልቤ ያዝናል። ወንዱ ዕጩ ስለ ትዳር ምን እንደሚያስብ የሚጠየቀው አፉን ከከፈተ ነው። ሴቷ ግን አንድ ቃል ሳትናገር ኑሮዋ እንደ አቋም ይነበባል። ካላገባች «ትዳር ትንቃለች»፣ ከፈታች «ቤቷን ያልመራች አገር ትመራለች?»፣ ልጆች ካሏትም «ልጆቿን ለማን ጥላ ነው?» ይባላል። እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች ከተማሩ ሰዎች አንደበት በብዛት ሰምቻለሁ። በጋሉፕ የ1937ቱ መጠይቅ ሴት ፕሬዚዳንት እመርጣለሁ ያለው አሜሪካዊ 33 በመቶ ብቻ እንደነበርና ዛሬ ከ90 በመቶ በላይ እንደደረሰ ሳስብ፣ ይህ ዓይነቱ ንባብ የማይለወጥ ተፈጥሮ እንዳልሆነ አያለሁ፤ ነገር ግን በራሱ ጊዜ እስኪለወጥ ድረስ ብዙ ብቁ ሴቶች ገና ሳይወዳደሩ ይቀራሉ። በምርጫ ውጤት ላይ የማይታየው ትልቁ ተጽዕኖ ይህ ነው፤ ዕጩ ያልሆነ ሰው ያጣው ድምፅ አይቆጠርምና።

ስለ መለኪያውም ጥቂት ልበል፤ ይህ ሥራዬ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አንድን የአዲስ አበባ ነዋሪ በር አንኳኩተው «የዕጩው የሃይማኖት አቋም ምርጫዎን ይወስናል?» ቢሉት፣ ጨዋ ሰው የሚሰጠው መልስ ይታወቃል፤ «ኧረ የለም፣ እኛ ተከባብረን ነው የምንኖረው» ይላል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ደወልና የበኒ ሠፈር መስጊድ አዛን በአንድ ሠፈር ሆኖ እየሰማ ያደገ የፒያሳ ሰው ይህን ሲል ከልቡ ነው፤ ሆኖም መልሱ የሚነግረን ምን መባል እንዳለበት እንጂ በምርጫ ጣቢያው መጋረጃ ጀርባ ምን እንደሚያደርግ አይደለም። ጠያቂዋ ነጠላ ወይም ሒጃብ ከለበሰች መልሱ እንደሚለወጥም በሥራው ላይ ያለን ሁሉ እናውቃለን። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር በቃለ መጠይቁ መጨረሻ «ይህን መጠይቅ እንድናደርግ የላከን ማን ይመስልዎታል?» ብሎ የሚጠይቀውም በከንቱ አይደለም፤ መንግሥት ልኮኛል ብሎ ያሰበ ሰው መልሱን መጥኖ ይሰጣል። የተሻለው ዘዴ በሃይማኖት፣ በትምህርት፣ በፓርቲና በአቋም የሚለያዩ ምናባዊ ዕጩዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማቅረብና ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ማየት ነው። በዚህ መንገድ በተለያዩ አገሮች ሲጠና የፓርቲ ስም በተገለጸበት ቦታ ሁሉ የሌላው ነገር ክብደት ይቀንሳል፤ የፓርቲው ስም ሲደበቅ ግን መራጩ የቀረውን ፍንጭ ሁሉ አጥብቆ ይይዛል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ እርስዎ ወደ ጠየቁኝ ሰው ይመልሰኛል። ሰውየው በሚታወቅ ፓርቲ ምልክት የሚወዳደሩ ከሆነ፣ የቴሌግራሙ ድምፅ አብዛኛውን መራጭ አይነቀንቀውም ብዬ እገምታለሁ። በግል የሚወዳደሩ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ስለ እርሳቸው ሌላ የሚታወቅ ነገር ከሌለ ያቺ አጭር ቅጂ መታወቂያቸው ትሆናለች፤ ፉክክሩ ጠባብ ከሆነም ጥቂት መቶ ድምፅ ይበቃል። በይበልጥ የሚጎዳቸው ደግሞ ስለ ሴቶች ሥራ የተናገሩት ይመስለኛል። ፅንስ ማቋረጥን በተመለከተ ብዙው መራጭ በአደባባይ የሚለው ከእርሳቸው አይርቅም። የሴት ደመወዝ ግን በመሀል አዲስ አበባ የቤት ኪራይ የሚከፈልበት፣ የልጅ ትምህርት ቤት የሚሸፈንበት ገንዘብ ነው፤ በዚህ ላይ የተነገረ ቃል በየቤቱ ይገባል፣ እዚህ ጋ የጤፍ ዋጋና የዕጩው ልብ አንድ ጥያቄ ይሆናሉ። የሁለቱ ባልደረቦችዎ ክርክርም በእኔ አስተያየት የሚገናኘው እዚሁ ላይ ነው።

ስብሰባ ቢጠሩ «ስለ ፅንስ ማቋረጥ ምን ያምናሉ?» ብለው አይጠይቋቸው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ስብከት ወይም ሽሽት ብቻ ነው የሚያወጣው። መጀመሪያ የሚወዳደሩት ለየትኛው ወንበር እንደሆነ ይለዩ። የወንጀል ሕግ የሚወጣው በተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ በአዲስ አበባ የሚሠራበት የቤተሰብ ሕግም እንደ ክልሎቹ በከተማው ሳይሆን በዚያው ምክር ቤት የወጣው የ1992 ዓ.ም. ሕግ ነው። የከተማው ምክር ቤት ዕጩ ስለ አንቀጽ 551 የፈለጉትን ቢያምኑ ሊነኩት አይችሉም፤ ለእርሳቸው የሚገባው ጥያቄ ስለ ሕፃናት ማቆያ፣ ስለ ምሽት መብራትና ትራንስፖርት፣ በትምህርት ቤቶች አጠገብ ስለሚከፈቱ የጫትና የመጠጥ ቤቶች ነው። ለተወካዮች ምክር ቤት ከሆነ ግን በቀጥታ ወደ ሕጉ ይግቡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ይፈቅድ እንደነበር፣ አንዱ ባለ ትዳር የሌላውን ከቤት ውጭ መሥራት የሚቃወምበትን በርም ይከፍት እንደነበር፣ የ1992ቱ ሕግ ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ አድርጎ ያንን በር እንደዘጋው ያስታውሷቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር እንደሚሰጣትም ይጥቀሱላቸው። ከዚያ «ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ለመለወጥ ረቂቅ ቢቀርብ፣ ፓርቲዎ በአንድ ወገን ሕሊናዎ በሌላ ወገን ቢሆኑ፣ እጅዎን ለየትኛው ያወጣሉ?» ይበሏቸው። «እሱ የግል ጉዳዬ ነው» ብለው ከመለሱ፣ ማይክሮፎኑን ሳይመልሱ አንድ ጊዜ ብቻ ይጨምሩ፦ «በግልዎ የሚያምኑትን አልጠየቅሁም፤ የጠየቅሁት በእኔ ስም ስለሚያወጡት እጅ ነው።»